ዕቃችን ከተጫነ በኋላ ስለተቀነሰው ሠላሳ ሺህ ብር

ምዕራብ ዓባያ
ኅዳር 9 ቀን 2005 ዓ.ም

ለተከበሩ አቶ ሀብተጊዮርጊስ
የሰፈራችን መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ለሱቆችዎ፣ ለኢሱዙ መኪናዎና ባለፈው ሰኔ ለተጨመረው ቤትዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን አለ? እንቅልፍዎስ? ስለ እንቅልፍዎ የምጠይቀው በክፋት አይደለም፤ እኔ ከሰኔ ወዲህ ስለጎደለኝ ምናልባት እርስዎ ዘንድ ተርፎ እንደሆነ ለማወቅ ብዬ ነው።

ጉዳይ በዝቶብዎት ዘንግተውኝ ከሆነ ማቴዎስ ካሱ እባላለሁ። ከማዘጋጃ ቤቱ አጥር ጥግ ታይፕራይተሬን ደቅኜ ለሃያ ሁለት ዓመት የሰው ማመልከቻና ውል ስጽፍ የኖርኩ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የዕድርዎ አባል የነበርኩ፣ በመጨረሻም ቤቴን ለእርስዎ የሸጥኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ መላክ ስችል በግልጽ የጻፍኩት፣ እርስዎ የአባላትን ጥፋት በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ስም እየጠሩ የማንበብ ልማድ ስላለዎት፣ በለመዱት መንገድ ብንነጋገር ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ልጃችን ዕድላዊት ምዕራብ ዓባያ አስተማሪ ናት። መንታ ወልዳ ወደ ሥራዋ መመለስ ስላቃታት፣ እኔና ባለቤቴ ዓለሚቱ የሲቀላውን ቤታችንን ሸጠን ከእርሷ አጠገብ ቤት ለመግዛት ቆረጥን። እዚያ ወይዘሮ አበቡ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ቤታቸውን በመቶ ሰማንያ ሺህ ብር ሊሸጡልን ተስማሙ። እርስዎም የእኛን ቤት በዚያው በመቶ ሰማንያ ሺህ ብር ሊገዙ ተስማሙ። ብሩ ከእርስዎ እጅ ወደ እኔ፣ ከእኔ እጅ ወደ ወይዘሮ አበቡ በአንድ ቀን እንዲያልፍ፣ ዓርብ ሰኔ 15 ቀን 2004 ዓ.ም ተቀጠረ። እርሳቸው ከዚያ ብር መቶ ሃያ ሺሁን ለሟች ባላቸው ልጆች የውርስ ድርሻ ከፍለው፣ በሚቀራቸው ስልሳ ሺህ ላንቴ በሚባለው መንደር ባለው የልጃቸው ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሊሠሩ አስበው ነበር፤ አንዱን ሊኖሩበት፣ ሌላውን ለሙዝ ነጋዴ አከራይተው ሊተዳደሩበት።

ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ በተራ ቁጥር ያልተጻፈ ነገር እንደማይወዱ አውቃለሁና። የዕድራችንን መተዳደሪያ ደንብ በታይፕ የመታሁት እኔው ነኝ። ለቀብር ሩብ ሰዓት የዘገየ አምስት ብር ይቀጣል፣ የዕድሩን ወንበር በማግስቱ ያልመለሰ አሥር ብር ይቀጣል። በሁለተኛው እኔም አንድ ጊዜ ተቀጥቻለሁ። ዝናብ ይዞኝ ነው ብዬ ባስረዳ «ማቴዎስ፣ ቃል ቃል ነው፤ የቀጠርከው እኛን እንጂ ዝናቡን አይደለም» ብለው በጉባኤው ፊት አስተምረውኛል። የተስማማበትን የቤት ዋጋ በመጨረሻው ሰዓት ስለሚቀንስ አባል ግን ደንቡ አንድም አንቀጽ የለውም። ስናረቅቀው እንዲህ ያለ አባል ይኖረናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ ጉድለት እንደ ጸሐፊነቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1ኛ. ስለ ስንጥቁ። ቤቴን ለማየት ሦስት ጊዜ መጥተዋል። በሁለተኛው አናጢ ይዘው መጥተው ጣሪያው ላይ አስወጥተዋል፣ በጓሮው ግድግዳ ላይ ያለውን ስንጥቅም በጣትዎ እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች ለክተዋል። ስንጥቁን ያሳየሁዎት እኔ ራሴ ነኝ። በእርሱም ምክንያት መቶ ዘጠና ያልኩትን ወደ መቶ ሰማንያ አውርጄልዎታለሁ፤ ተገቢ ነበር፣ አልተከራከርኩም። ሰኔ 15 ጠዋት ግን፣ ልንፈራረም ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆመን ሳለ፣ ያንኑ ስንጥቅ ገና ያን ዕለት አይተው ልብዎ እንደደነገጠ ነገሩኝ። ግድግዳዬ ለልብዎ ይህን ያህል አስጊ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ገና በሚያዝያ እመርግልዎት ነበር። ለአንድ ስንጥቅ ሁለት ጊዜ ዋጋ ማስቀነስ የሚችል ሰው በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኔ ገጥሞኝ አያውቅም።

2ኛ. ስለ ቀብዱ። ሚያዝያ ውስጥ፣ አቶ ብዙነህና ሌሎች ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ግቢዬ ተቀምጠው ዋጋው መቶ ሰማንያ ሺህ ተብሎ እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። እርስዎ ከኮትዎ የውስጥ ኪስ አሥር ሺህ ብር ቀብድ አወጡ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ በእኔና በሊቀመንበሬ መካከል ቀብድ ምን ያደርጋል ብዬ መለስኩት።

ይህን የማደርገው እኔ ማን ሆኜ ነው? ከላንቴም ከምዕራብ ዓባያም ለጉዳይ የሚመጣ ገበሬ ሁሉ ያውቀኛል። ያልተጻፈ የቤት ውል ፍርድ ቤት ደርሶ አይቆምም፣ ከወንድምህ ጋር ቢሆንም ጻፍ፣ ቀብድህንም በምስክር ፊት ተቀበል እያልኩ ስንቱን ተቆጥቻለሁ። የራሴ ተራ ሲደርስ ግን ወረቀት ማውጣት አሳፈረኝ። የዕድሩን ሊቀመንበር፣ ስንቱን ጎረቤት አብረን የቀበርነውን ሰው፣ ፈርምልኝ ማለት ስድብ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹም ቀብዱን በመመለሴ ደስ ብሏቸው ቆመው መረቁን። የእኛ ሰፈር ሰው ሲሳሳት እንዲህ ነው የሚሳሳተው፤ የማያምነውን ያስፈርማል፣ የሚያከብረውን ይጨብጣል። ያን ቀን ብሩን ወደ ኪስዎ የመለሱበትን ፍጥነት ትሕትና ብዬ ነበር የተረጎምኩት።

በጋሞ አባቶች ዘንድ በሽማግሌ ፊት የሰጡትን ቃል ማጠፍ ጎሜ ነው፤ ክልክሉን የጣሰ ሰው በራሱና በቤቱ ላይ ጣጣ ይጠራል ይላሉ። እርስዎ ዘመናዊ ነጋዴ ነዎት፣ እኔም የወንጌል አማኝ ነኝ፣ ስለዚህ ሁለታችንም ይህን አንፈራም። ነገር ግን አያቶቼ ያን እየፈሩ ከብትና ማሳ ያለ አንዲት ወረቀት ሲቀባበሉ ኖረዋል። እኛ አለመፍራታችን ምን እንዳተረፈልን አንድ ቀን ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል፤ ለእርስዎ ያተረፈውንማ አውቀዋለሁ።

3ኛ. ስለ ኢሱዙው። በዚህ ተራ ቁጥር የማቀርበው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ሰኔ 15 ገና በጠዋቱ፣ ሳንለምንዎት፣ የዕቃ ማጓጓዣ እንዳንከፍል ብለው ኢሱዙ መኪናዎን ከነሾፌሩ ላኩልን። ዓለሚቱ መረቀችዎት፤ ዕቃው ተጭኖ እስኪያልቅ ስለ ደግነትዎ ስታወራ እንደነበር ጎረቤቶቻችን ምስክር ናቸው። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የዶሮዎቹ ቆጥ፣ ለመንቶቹ ያሠራነው አልጋ፣ የሃያ ምናምን ዓመት ኑሯችን ሁሉ ተጫነ። የቤቱንም ቁልፍ ተረከቡ። እኛ ከሰፈር ሳንወጣ ሠራተኞችዎ የግቢውን በር ቀለም መቀባት ጀምረው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለአንባቢ ልናገር። መኪናው ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሟል። ሸራ የለውም። ከዓባያ ሐይቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ባለቤቴ ጋቢና ውስጥ መስታወቷን በጉልበቷ ይዛ ተቀምጣለች። እርስዎ ክንዴን በፍቅር ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና፣ «ወንድሜ ማቴዎስ፣ ስንጥቁ አስፈርቶኛል፤ በመቶ ሃምሳ ከሆነ አሁኑኑ እንፈራረም፣ ካልሆነም ቅር አይለኝም» አሉኝ።

ቅር አይልዎትም! ለምን ቅር ይበልዎት? መኪናው ላይ ተጭኖ ዝናብ የሚጠብቀው የማን አልጋ ነበር?

4ኛ. ስለ ቀኑ። ገዢ ሐሳቡን ቢቀይር ኃጢአት ነው አልልም። ሰው ቤት ሲገዛ ይፈራል፣ ብር ይጎድልበታል፣ ሚስቱ አይሆንም ትለዋለች። እርስዎ ግን ሐሳብዎን ለመቀየር ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ዘጠኝ ሳምንት ነበረዎት። በግንቦት ቢነግሩኝ ሌላ ገዢ እፈልግ ነበር፤ በእርስዎ ስም «ተሸጧል» ብዬ የመለስኳቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። በሰኔ መጀመሪያ ቢነግሩኝ እንኳ ለወይዘሮ አበቡ ቀን እንዲጨምሩልኝ እለምን ነበር። እርስዎ የመረጡት እምቢ ማለት የማልችልበትን ሰዓት ነው። በአጋጣሚ እንዳልሆነ የማውቀው፣ ሰዓቱን የነገርኩዎት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ያስታውሱ ከሆነ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ለቅሶ ቤት፣ በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ልቤ ከብዶኝ ለእርስዎ አወጋሁዎት፤ ያን ዓርብ ሙሉውን ካልከፈልኩ ወይዘሮ አበቡ ቤቱን ለሌላ ገዢ እንደሚሰጡት፣ የእንጀራ ልጆቻቸው ቀን እንዳሳጠሩባቸው፣ ዕድላዊትም የወሊድ ፈቃዷ እንዳለቀ። እርስዎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው «አይዞህ» አሉኝ። ሌላ ሰው የጎረቤቱን ጭንቀት ሲሰማ ወይ ይረሳዋል ወይ ለሰው ያወራዋል። እርስዎ ሁለቱንም አላደረጉም፤ ዋጋ እስኪያወጣ ድረስ አስቀመጡት። ከሁሉም በላይ አንጀቴን ያሳረረው ይህ ነው። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሊቀመንበር። ይህን መስመር ስመታ ታይፑ ወረቀቱን ሁለት ቦታ በስቶታል።

5ኛ. ስለ ሽማግሌው። አቶ ብዙነህ ለምስክርነት አብረውን ነበሩ። የሚያዝያውን መጨባበጥ የመረቁት እርሳቸው ናቸውና አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ዞር አልኩ። ጫማቸውን እያዩ «ዕቃው ተጭኗል፣ ዝናብም እየመጣ ነው፤ ሰላም ይሻላል» አሉ። እኔ ከማን ጋር ተጣልቼ ነው ሰላም የሚሻለኝ? እርስዎም ያን ጊዜ «ንግድ ነው እንግዲህ» ብለው ፈገግ አሉ። ንግድ አይደለም። ነጋዴ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይምላሉ፣ ይገዘታሉ፣ ከተስማሙ በኋላ ግን ዕቃውን ይሰጣሉ። ይህ ሌላ ስም አለው፤ በአደባባይ ደብዳቤ ላይ ስለማይጻፍ ትቼዋለሁ።

ፈርሜያለሁ። ማንም በጠመንጃ አላስገደደኝም እንደሚሉ አውቃለሁ፣ እውነትም ነው። ዕቃው ይውረድ፣ ቁልፌን መልሱልኝ፣ አልሸጥም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። መቶ ሃምሳ ሺህ ብሬን ይዤ ጋቢና ገባሁና መኪናዎ በነጻ ወደ ምዕራብ ዓባያ አደረሰን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልጽፈው አልፈልግም ነበር፤ ግን ግማሹን ብቻ ብጽፍ እኔም ከእርስዎ አልሻልም።

መንገዱን ሙሉ ለወይዘሮ አበቡ የምለውን ሳሰላስል ሄድኩ። ለሰው ሁሉ የልመና ቃል ስጽፍ የኖርኩ ሰው ለራሴ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። ስንደርስ ወይዘሮ አበቡ ዕቃቸውን ጠቅልለው በራቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። ልጃቸው፣ የአባቴ ሞክሼ ካሱ፣ ከላንቴ የአህያ ጋሪ ይዞ መጥቷል። ዕድላዊት መንቶቹን ይዛ ቆማለች። እኔ ደግሞ ከመኪናው ወርጄ ሰላም ሳልላቸው ቀና ብዬ ጣሪያቸውን አየሁ። ዝገት ነበር የምፈልገው፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። ከጭስ መውጫው አጠገብ አገኘሁም። ከዚያ «ወይዘሮ አበቡ፣ ይህ ጣሪያ አስፈርቶኛል» ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ዓለሚቱ ከኋላዬ «ተው፣ ማቴዎስ» አለችኝ፤ አልተውኩም። ሠላሳ ሺህ ካልቀነሱ መግዛት አልችልም አልኳቸው።

ወይዘሮ አበቡ ጣሪያቸውን አላዩም። የእኛን ዕቃ አዩ፣ መንቶቹን አዩ፣ የልጃቸውን ጋሪ አዩ። ከዚያ «እንግዲህ ወዴት ትሄዳላችሁ፤ ይሁን» አሉ። ውሉን እኔው ጻፍኩት፣ እርሳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት፣ አመሰገኑኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ፊርማው ካለቀ በኋላ እውነቱን፣ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ግን ከፊርማው በኋላ ነው የነገርኳቸው።

የእንጀራ ልጆቻቸው መቶ ሃያ ሺሁን ሙሉውን ወሰዱ። ቅናሹ በሙሉ በእርሳቸው ድርሻ ላይ ወደቀ፤ ከስልሳው ሠላሳ ቀራቸው። ልብ ብለው ይመልከቱልኝ፣ ክቡር ሊቀመንበር፤ ከእኔ ኪስ አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። የሲቀላው ቤት ሄዶ የምዕራብ ዓባያው ቤት መጣልኝ። እርስዎ የወሰዱት ብር የእኔ አልነበረም፤ አይተዋቸው ከማያውቁ፣ በዕድርዎ ካልተመዘገቡ፣ ስንጥቅ ያለበት ግድግዳ ሊሸጡልዎት ካልመጡ እናት ነው የወሰዱት። እኔ የተጠቀሙብኝ እጅ ነበርኩ። ላንቴ ላይ አንዱ ክፍል ተሠርቷል። የሁለተኛው መሠረቱ ብቻ ወጥቶ ቀርቷል፤ ቦታው ባዶ ከሚውል ብለው ሙዝ ተክለውበታል።

እኔ ከማመልከቻ ከማገኘው ላይ በየወሩ በአቅሜ ወደ ላንቴ እየወሰድኩ ነው። ይህን ለምስጋና አልጻፍኩትም፣ ዕዳዬ ነው። ነገር ግን በዚህ አካሄድ ክፍሉ የሚያልቀው ወይዘሮ አበቡም እኔም ከሞትን በኋላ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ለእኔ ምንም እንዳይመልሱልኝ። ኢሱዙዎን፣ ያንኑ ደጉን ኢሱዙ፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ ጭነው ወደ ላንቴ ይላኩ። የወይዘሮ አበቡን ልጅ የካሱን ግቢ ማንንም ቢጠይቁ ያሳይዎታል፤ መሠረት ላይ ሙዝ የበቀለበት ግቢ ሌላ የለም። እስከ ገና ድረስ ካልላኩ፣ የዕድሩ አባላት ቀጣዩ ሊቀመንበራቸውን ሲመርጡ ቀብድ ተቀብለው፣ በጽሑፍ እንዲያስፈርሙት እመክራለሁ። ውሉን ያለ ክፍያ እጽፍላቸዋለሁ።

ለሰፈራችን ላበረከቱት የረጅም ዘመን አገልግሎት፣ ለተሰበሰበው ቅጣት፣ ለተቆጠሩት ወንበሮች፣ ስለ ቃል መከበር ለሰጡን ትምህርት ሁሉ ልባዊ አድናቆቴን እየገለጽኩ፣ በበሩ ላይ የቀቡት ቀለም ዝናብ ሳይነካው ለዘመናት እንዲያገለግልዎት እመኛለሁ።

በእርስዎ ዘንድ ለመቶ ሃምሳ ሺህ ብር ታማኝ የሆንኩ፣
ማቴዎስ ካሱ
ማመልከቻና ውል ጸሐፊ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣
ለአቶ ብዙነህ፣ ሰላም ይሻላል ላሉበት ጉዳይ መረጃ እንዲሆናቸው፣
ለወይዘሮ ዓለሚቱ፣ «ተው» ብላኝ ላልሰማኋት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያን ዕለት እውነቱን ስነግራቸው ወይዘሮ አበቡ አልተቆጡም። የእርስዎን ስም ብቻ ጠየቁኝ። በመጨረሻ ሰዓት፣ የጎረቤቱ ዕቃ ተጭኖ ሳለ፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰው መቼም የሚበላው አጥቶ መሆን አለበት ብለው አዝነውልዎታል። ስምዎን ነገርኳቸው። ከሰኔ ጀምሮ፣ አሁን ደግሞ በዚያች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በየማለዳው ተንበርክከው፣ እግዚአብሔር ሀብተጊዮርጊስ የሚባለውን ችግረኛ ከረሃብ እንዲያወጣው ይለምናሉ። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ብሄድ እጄን ይዘው «ያ ምስኪን ሰውዬ ኑሮው ተሻሻለለት?» አሉኝ። መልሱን ከእርስዎ እጠብቃለሁ።